በማረጥ ጊዜ የሚበቅል የፊት ፀጉር፦ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ሌዘር ወይስ ኤሌክትሮሊሲስ?

አገጭ ላይ ድንገት ብቅ የሚል ሻካራ ፀጉር፣ ከከንፈር በላይ እየጠቆረ የሚሄድ ጥላ፣ ከመንጋጋ ሥር የሚረዝሙ ነጫጭ ፀጉሮች። ወር አበባቸው በተቋረጠ ወይም ሊቋረጥ በተቃረበ ሴቶች ላይ እነዚህ በጣም የተለመዱ ናቸው። ማስወገጃው ብዙ ነው፤ ችግሩ ብዙዎች የሚመርጡት ጓደኛቸው የተጠቀመችበትን መሆኑ ነው። ለእሷ የሠራው ሌዘር ለእርስዎ ባዶ ወጪ ሊሆን ይችላል፤ የእሷ ፀጉር ጥቁር፣ የእርስዎ ሽበት ከሆነ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ምርጫውን ከሁሉ በፊት የሚወስነው የፀጉሩ ቀለም ነው። ከዚያ ብዛቱ ይከተላል፣ ከዚያ የቆዳዎ ቀለም። የዘዴው ዝናና የማሽኑ ዘመናዊነት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ለምን አሁን?

ማረጥ ሲመጣ ኢስትሮጅን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በፍጥነት ይወርዳል። ቴስቶስትሮንና ሌሎቹ የወንዴ ሆርሞኖች ግን የሚቀንሱት ከዕድሜ ጋር ቀስ እያሉ ነው፤ ከእንቁልጢም (ኦቫሪ)፣ ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል ዕጢም መመንጨታቸውን አያቆሙም። በዚያ ላይ ቴስቶስትሮንን ደም ውስጥ አስሮ የሚይዘው ፕሮቲን ኢስትሮጅን ሲጎድል አብሮ ስለሚቀንስ፣ ነፃ ሆኖ የሚሠራው የቴስቶስትሮን ድርሻ ከፍ ይላል። የአገጭ፣ የላይኛው ከንፈርና የመንጋጋ የፀጉር ሥሮች ደግሞ ይህን ሆርሞን ቶሎ የሚሰሙ ናቸው። ትናንት ለዓይን የማይታይ ስስ ፀጉር ያበቅል የነበረ ሥር ዛሬ ወፍራምና ባለቀለም ፀጉር ያወጣል። የራስ ፀጉር በአንጻሩ በዚሁ ምክንያት ሊሳሳ ይችላል።

አንዴ የወፈረ ሥር ሆርሞኑ ቢስተካከል እንኳ በራሱ ወደ ቀድሞው ስስነት እምብዛም አይመለስም። ስለዚህ መድኃኒት አዲስ ፀጉር እንዳይጨመር ያግዳል፣ ያለውንም ያሳሳል፤ የበቀለውን ማስወገድ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ክኒኑን ሁለት ወር ውጠው «አልሠራም» ብለው ይተዉታል።

መጀመሪያ ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ፀጉሩ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ማረጡ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከበዛ፣ ወደ ደረት ወይም ወደ ላይኛው ሆድ ከተስፋፋ፣ ድምፅዎ ከጎረነነ፣ ፀጉርዎ እንደ ወንድ ከግንባር ጥግ ከሸሸ፣ ቂንጥር ከተለቀ፣ ወይም ካረጡ በኋላ ደም ካዩ ግን ወረንጦውን አስቀምጠው ወደ ማህፀን ወይም ወደ ሆርሞን ሐኪም ይሂዱ። ከእንቁልጢ ወይም ከአድሬናል ዕጢ የሚነሳ ሆርሞን የሚያመነጭ እባጭ ብዙ ጊዜ የማያጋጥም ቢሆንም ራሱን የሚገልጠው በዚህ መልክ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ምርመራ ጠቅላላ ቴስቶስትሮን፣ ዲኤችኢኤ-ኤስ የተባለው የአድሬናል ሆርሞንና የእንቁልጢ አልትራሳውንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የራስ ፀጉር እየሳሳ ሲሄድ ብዙ ሴቶች ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን በከፍተኛ መጠን ይወስዳሉ። ባዮቲን አንዳንድ የላብራቶሪ መመርመሪያዎችን ያዛባል፤ ቴስቶስትሮንንም ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ደም ከመስጠትዎ በፊት ከ2 እስከ 3 ቀን ማቆም፣ ካላቆሙም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

የሚወስዱትንና የሚቀቡትንም ይመልከቱ። ፌኒቶይን፣ ሳይክሎስፖሪን፣ ዳናዞል፣ ለራስ ፀጉር የሚደረግ ሚኖክሲዲል ሁሉም ፊት ላይ ፀጉር ሊያበዙ ይችላሉ። ባለቤትዎ የቴስቶስትሮን ጄል የሚቀባ ከሆነ ከቆዳ ወደ ቆዳ ይተላለፋል። ከሁሉ የሚረሳው ግን ፊት ለማቅላት ወይም ማድያት ለማጥፋት የሚቀባው ክሬም ነው፤ ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል ወይም ሌላ ስቴሮይድ ካለበት ቆዳውን እያሳሳ ፀጉሩን ያበዛል። እሱን ሳያቆሙ ሌዘር መጀመር በአንድ እጅ እየነቀሉ በሌላው እንደመዝራት ነው። ማቆሙ ራሱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ለረጅም ጊዜ የተቀባ ስቴሮይድ በድንገት ሲተው ፊት ክፉኛ ስለሚቀላና ስለሚቆጣ በቆዳ ሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይተዋል።

ከመስታወት ፊት የሚደረግ ቆጠራ

ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ምንም አይንቀሉ፤ የሚያስቸግርዎትን በምላጭ ብቻ ያንሱ። ከዚያ ለ4 ወይም ለ5 ቀን ምላጩንም ይተዉና ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ 5 እጥፍ በሚያጎላ መስታወት ይመልከቱ። 10 እጥፍ የሚያጎላውን አንመክርም፤ ማንም የማያየውን ስስ ፀጉር ዛፍ አስመስሎ ያሳይና እጅን ያለ ሥራው ያሠራል።

የሚቆጥሩት ወፍራሙን ብቻ ነው። ከ15 የማይበልጥ ከሆነ፣ ከ15 በላይ ሆኖ በአብዛኛው ጥቁር ከሆነ፣ ወይም በአብዛኛው ነጭ ከሆነ መንገዶቹ ይለያያሉ። ቀጥሎ ቆዳዎን ይጠይቁት፦ ብጉር ወይም የትንኝ ንክሻ ከዳነ በኋላ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተውብዎታል? መልሱ አዎ ከሆነ ቆዳን የሚያስቆጣ ማንኛውም ዘዴ ዋጋው እጥፍ ነው፤ ፀጉሩ ይሄድና ጥቁረቱ ይቀራል። ፀጉሩ የሚጠቀለል ከሆነም ያስታውሱት፤ የሚጠቀለል ፀጉር ሲነቀል ወይም ከቆዳ በታች ሲቆረጥ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይበቅላል።

ምላጭ፦ ስሙ የጠፋ ጥሩ ምርጫ

መላጨት ፀጉርን አያወፍርም፣ አያበዛም፣ አያጠቁርምም። ምላጭ የሚነካው ከቆዳ በላይ ያለውን የሞተ ክፍል ነው፤ ሥሩ የሚሆነውን አያውቅም። ሻካራ ሆኖ የሚሰማው ያልተቆረጠ ፀጉር ጫፉ ቀጭን ስለሆነ፣ የተቆረጠው ግን ደልዳላ ጫፍ ይዞ ስለሚወጣ ነው። ሴት ልጅ ፊቷን መላጨቷ የሚያሳፍር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በእኛ ግምት ግን ሌላ ቋሚ መንገድ እስኪጀመር ድረስ ከምላጭ የተሻለ ማቆያ የለም፤ ሥሩን ስለማይነካ ከሌዘርም፣ መርፌ አስገብቶ ሥሩን በኤሌክትሪክ ከሚገድለው ከኤሌክትሮሊሲስም ጋር አይጋጭም።

ለፊት የተሠራ ባለ አንድ ስለት ትንሽ ምላጭ ይጠቀሙ። ፊትዎን ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ፣ ሽታ የሌለው ጄል ወይም ክሬም በስሱ ይቀቡ፣ ቆዳውን በአንድ እጅ ይወጥሩ፣ ምላጩን ወደ ቆዳው ዘንበል አድርገው ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ በአጫጭሩ ይሳቡ። አንድን ቦታ ደጋግሞ አለመፋቅ፣ በፀጉሩ ተቃራኒ አለመላጨት። ከተቃራኒ ሲላጭ ፀጉሩ ከቆዳ ወለል በታች ይቆረጥና ሲያድግ ጎኑን ይወጋል፤ አገጭ ሥር የሚወጡት እብጠቶች አብዛኞቹ ከዚህ ናቸው። ለዚህ የተጋለጠች ሴት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የፊት መቁረጫ ተጠቅማ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብታስቀር ይሻላታል። ምላጩ መሳብ ከጀመረ ይጣላል። በዚያ ሌሊት ሬቲኖል (ለብጉርና ለፊት መጨማደድ የሚቀባ) ወይም አሲድ ያለበት ክሬም አይቀባም። ወፍራም ፀጉር ካለ በ2 ወይም በ3 ቀን አንዴ መድገም ያስፈልጋል፤ ድክመቱ ይኸው ነው።

ወረንጦ

ለጥቂት ፀጉሮች ብቻ። ጫፉ ሰያፍ የሆነ ወረንጦ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግና ፀጉሩ ቆዳው አጠገብ ተይዞ በተኛበት አቅጣጫ በአንድ ትንፋሽ ይሳባል። ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ሲሳብ ከቆዳ ሥር ይሰበራል፤ ከዚያ በመርፌ መቆፈር ይመጣል፣ ከዚያ ቁስል፣ ከዚያ ለአንድ ዓመት የማይለቅ ጥቁር ነጥብ። የተሰበረውን ትተው ሳምንት ይጠብቁት፤ ራሱ ይወጣል።

በየቀኑ መስታወት ፊት ቆመው ከ20 በላይ የሚነቅሉ ከሆነ ወረንጦው ዘመኑ አልፏል። ለዓመታት መንቀል የፀጉሩን ሥር ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ሥር ደግሞ በኋላ ለኤሌክትሮሊሲስ መርፌ አስቸጋሪ ይሆናል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ወይም ቅርብ ማየት የተሳናቸው ሴቶች ከወረንጦ ይልቅ መቁረጫውን ይምረጡ።

ክር ወይስ ዋክስ?

ሁለቱም ከሥር ይነቅላሉ፣ ሁለቱም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆያሉ። ልዩነቱ ክር የሚይዘው ፀጉሩን ብቻ ሲሆን ዋክስ የቆዳውንም የላይኛ ሽፋን ይዞ መነሳቱ ነው። ይህ በ25 ዓመት ላይ ቀላል ነገር ነው፤ ካረጡ በኋላ ግን አይደለም። ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ቆዳ ጥንካሬ ከሚሰጠው ፕሮቲን፣ ከኮላጅኑ፣ ወደ 30 በመቶ የሚሆነውን ያጣል፤ ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ በቀላሉም ይላጣል። ሬቲኖል ወይም ዘመዶቹን ትሬቲኖይንና አዳፓሊን የሚቀቡ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳያቆሙ ፊትዎን ዋክስ አያስደርጉ፤ ቆዳው ከዋክሱ ጋር ተገሽልጦ ይነሳል። አይሶትሬቲኖይን የተባለውን የብጉር ክኒን ለወሰደች ሴት ጥበቃው 6 ወር ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱም ይበልዙበታል።

ዋክስ ሌላም ጣጣ አለው። እንዲይዝ ፀጉሩ 5 ሚሊ ሜትር ያህል መርዘም አለበት፤ ይህም ማለት በየመካከሉ ሊደብቁት የፈለጉትን ፀጉር ይዘው መክረም ነው። በእነዚህ ምክንያቶች ለፊት ከተመረጠ ክር ይሻላል። ክሩ ለእያንዳንዷ ሴት አዲስ መሆኑን ይመልከቱ፤ ባለሙያዋ በጥርሷ ከመንከስ ይልቅ አንገቷ ላይ ብታስረው ይመረጣል። ከንፈራቸው ላይ ምች የሚወጣባቸው ሴቶች ከክርም ከዋክስም ከሌዘርም በኋላ ሊያገረሽባቸው ስለሚችል ቀድሞ አሲክሎቪር ስለመውሰድ ሐኪም ያማክሩ።

ፀጉር የሚያሟሙ ክሬሞች፣ የሚያነጡ ቅባቶች

የሚያሟሙት ክሬሞች ታዮግላይኮሌት የተባለ ኬሚካል አላቸው። ፀጉር ከኬራቲን ነው የተሠራው፤ የቆዳ የላይኛው ሽፋንም እንዲሁ። ኬሚካሉ ሁለቱን አይለይም፤ የሚለያቸው ሰዓቱ ነው። አብዛኛው ቃጠሎ የሚመጣው የአገጭ ወፍራም ፀጉር በተፈቀደው ደቂቃ ውስጥ ሳይሟሟ ሲቀር «ትንሽ ይቆይ» ተብሎ ነው። ስለዚህ ይህ ለላይኛው ከንፈር ስስ ፀጉር እንጂ ለአገጭ ጠጉር አይሆንም። «ለፊት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብቻ ይግዙ፣ መንጋጋ ሥር ሞክረው 24 ሰዓት ይጠብቁ፣ ደቂቃውን በሰዓት ይያዙ፣ ቢያቃጥል ወዲያው ይጠቡት።

ማንጣት ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ይብሱን ያጋልጣል፤ ወርቃማ ፀጉር ጠይም ፊት ላይ ከጥቁሩ ይልቅ ያበራል።

ሌዘር፦ ለጥቁር ፀጉር፣ ሽበት ሳይቀድም

ሌዘር የሚፈልገው ሜላኒንን ነው፤ ፀጉርን የሚያጠቁረውን ቀለም። ብርሃኑ በቀለሙ ይዋጥና ሙቀት ሆኖ ሥሩን ያቃጥላል። ሽበት ቀለም የለውም፤ ስለዚህ ለሌዘር የሚቃጠል ነገር የለም። ነጭ፣ ቀይና ወርቃማ ፀጉርን በሌዘር አጠፋለሁ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ሌላ ቦታ ይፈልጉ። ከዚህም አንድ ነገር ይከተላል፦ ፀጉርዎ ዛሬ ጥቁር ከሆነ ሌዘርን ለሚመጡት ዓመታት ማሳደር አያዋጣም፤ በየዓመቱ የሚሸብተው ፀጉር ሁሉ ከሌዘር እጅ የሚያመልጥ ነው።

ቆዳም ሜላኒን አለው፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። የሌዘር ዓይነቶች የሚለዩት በናኖ ሜትር በሚለካው የብርሃናቸው ሞገድ ርዝመት ነው። 755 ናኖ ሜትር ያለው አሌክሳንድራይት ለነጣ ቆዳ ፈጣን ነው፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳን ግን ያቃጥላል። 810 ናኖ ሜትር ያለው ዳዮድ መካከለኛ ነው። 1064 ናኖ ሜትር ያለው ኤንዲ-ያግ ወደ ጥልቅ ይገባል፣ የቆዳውን የላይኛ ቀለም ብዙ አይነካም፤ ለጥቁር ቆዳ ከሁሉ ደህና የሚባለው ይህ ነው። ድክመቱ ፀጉሩንም በመጠኑ ብቻ መያዙና ይበልጥ ማመሙ ነው። አይፒኤል የሚባለው ሌዘር አይደለም፤ ብዙ የብርሃን ዓይነት በአንዴ የሚረጭ መብራት ሲሆን ለጥቁር ቆዳ አይመከርም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ማሽኑ ስንት ናኖ ሜትር ነው?» ያለማመንታት ቁጥር ካልተመለሰልዎ ይውጡ።

ፀጉር በየተራ ነው የሚያድገው፤ ሌዘር የሚገድለው በማደግ ላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ አንድ ቀጠሮ ብቻውን ዋጋ የለውም። ፊት ላይ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ፣ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ሆርሞኑ አዳዲስ ሥሮችን ማወፈሩን ስለማያቆም ከዚያም በኋላ አልፎ አልፎ መመለስ ይኖራል።

ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ባለው 4 ሳምንት መንቀል፣ ክርና ዋክስ የለም፤ ሥሩ ከተነቀለ ሌዘሩ የሚያቃጥለው አያገኝም። ከአንድ ቀን በፊት ይላጫሉ። ሳይላጩ ከሄዱ ብርሃኑ ከቆዳ በላይ ያለውን ፀጉር ያነድና ቆዳውን ይጠብሳል። የመጀመሪያው ቀን መንጋጋ ሥር በትንሽ ቦታ ይሞከራል፤ ቆዳቸው ለሚጠቁር ሰዎች ውጤቱን ለማየት 1 ወይም 2 ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። የዓይን መሸፈኛ ግዴታ ነው። ማርያም የሳመችው ጥቁር ነጥብና ንቅሳት ላይ አይተኮስም፤ የንቅሳት ቀለምም ሙቀቱን ስለሚውጥ አገጭ ወይም አንገት ላይ ንቅሳት ያላት ሴት ቀድማ ታሳይ።

ከዚያ በኋላ በፀጉሮቹ ዙሪያ ትናንሽ እብጠትና መቅላት ለጥቂት ሰዓት እስከ 2 ቀን ይታያል፤ ያ ጥሩ ምልክት ነው። ውኃ መቋጠር፣ ግራጫ መምሰል ወይም ለሰዓታት የማይበርድ ሕመም ግን ቃጠሎ ነው። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ፀጉሩ ያደገ መስሎ ይወጣል፤ እያደገ ሳይሆን እየረገፈ ነውና አይንቀሉት። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ በየቀኑ፤ ይህን የምትዘልል ሴት ፀጉሯን ከፍላ ጥቁረት ትገዛለች።

ማንም አስቀድሞ የማይናገረው ጉዳይ ደግሞ ይኸውልዎት፦ ሌዘር አንዳንዴ ፀጉር ያበዛል። ሥሩን ለመግደል ያልበቃ ሙቀት በአካባቢው ያሉትን ስስ ፀጉሮች ይቀሰቅሳቸዋል ተብሎ ይታመናል። በብዛት የሚታየው ፊትና አንገት ላይ፣ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ባላቸው፣ የሆርሞን መዛባት ባለባቸው ሴቶች ነው። ስለዚህ ሌዘር ወፍራምና ጥቁር ፀጉር ባለበት ቦታ ብቻ ይተኮስ፤ ጉንጭ ላይ ያለውን ለስላሳ ፀጉር «እግረ መንገዳችንን እናንሳው» ሲሉዎት እምቢ ይበሉ። ከ3 ቀጠሮ በኋላ በዳር በዳር አዲስ ጥቁር ፀጉር ካዩ ያቁሙና የቆዳ ሐኪም ያሳዩ።

ለቤት የሚሸጡት መሣሪያዎች አብዛኞቹ አይፒኤል ናቸው። ኃይላቸው ዝቅተኛ ነው፣ ሽበት አይነኩም፣ የቆዳ ቀለም መለኪያ ያላቸው ጥቁር ቆዳ ሲያዩ ይቆለፋሉ። መለኪያ የሌላቸው ደግሞ አይቆለፉም፤ ያ ይብሳል።

ኤሌክትሮሊሲስ፦ ለሽበትም፣ ለማንኛውም ቀለም

1875 ላይ ቻርለስ ሚሼል የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ዓይን ውስጥ የሚበቅል ሽፋሽፍት ለማጥፋት በኤሌክትሪክ መርፌ መጠቀሙን ጻፈ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በመሠረቱ ያው ነው። ከፀጉር የቀጠነ መርፌ በፀጉሩ ቀዳዳ ይገባል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ ሥሩ ይሞታል። ቀለም አይመርጥም፤ የቆዳ ቀለምም አይመርጥም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «ቋሚ ማስወገጃ» የሚለውን ስም የሰጠው ለኤሌክትሮሊሲስ ነው፤ ለሌዘር የፈቀደው «ቋሚ ቅነሳ» የሚለውን ነው።

ሦስት ዓይነት ነው። ጋልቫኒክ የሚባለው በሥሩ ዙሪያ ካለው ጨውና ውኃ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ሥሩን የሚበላ ኬሚካል ያመነጫል፤ አስተማማኝ ግን ቀርፋፋ ነው፣ አንድ ፀጉር እስከ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ተርሞሊሲስ በሙቀት ይገድላል፤ ሴኮንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል፣ ነገር ግን ሥሩ ከተጣመመ ይስታል። ብሌንድ ሁለቱን ያጣምራል። ለዓመታት ስትነቅል ለኖረች ወይም ፀጉሯ ለሚጠቀለል ሴት ብሌንድን እናስቀድማለን።

ባለሙያው ጎበዝ መሆኑን በራስዎ ቆዳ ማወቅ ይችላሉ። በትክክል የተመታ ፀጉር በወረንጦ ሲያዝ ተንሸራቶ ይወጣል። በየፀጉሩ የመነቀል ስሜት ከተሰማዎት ወይ መርፌው ሥሩን ስቷል፣ ወይ ኃይሉ አንሷል፤ ከፍለው ተራ ወረንጦ እየተጠቀሙ ነው ማለት ነው። ጎን ለጎን ያሉ ፀጉሮችን፣ በተለይ ላይኛው ከንፈር ላይ፣ በአንድ ቀን ተራ በተራ የሚመታ ባለሙያም ያስፈራል፤ ሙቀቱ ይደራረብና ጎድጓዳ ጠባሳ ይተዋል። ጥሩው እየዘለለ ይሠራል፣ የቀረውን ለሌላ ቀን ይተዋል።

መርፌው ለአንድ ሰው ብቻ፣ በታሸገ ከረጢት፣ ከፊትዎ የሚከፈት መሆን አለበት። የሄፓታይተስ ቢና የኤችአይቪ ጉዳይ ነውና ለመጠየቅ አይፈሩ። የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) ያለባት ሴት የልብ ሐኪሟ ሳይፈቅድ አትጀምር፤ ጠባሳዋ የሚያብጥባት፣ ስኳሯ ያልተስተካከለም እንዲሁ ቀድማ ትናገር።

በመጀመሪያ በየሳምንቱ ወይም በየ2 ሳምንቱ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ እየራቀ፤ በጠቅላላው ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል። በመካከሉ መንቀል አይፈቀድም። ከቀጠሮው ከ3 እስከ 5 ቀን በፊት ቢላጩ ጥሩ ነው፤ በቀጠሮው ቀን የሚታየው ፀጉር ሁሉ በማደግ ላይ ያለ ስለሚሆን መርፌው በከንቱ አይገባም። ካመመዎት ሊዶካይን ያለበት ማደንዘዣ ክሬም ከ45 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ በሚሠራበት ትንሽ ቦታ ብቻ ይቀባል። ከዚያ በኋላ የምትመጣውን ጥቃቅን ቅርፊት አይላጧት፤ የጠቆሩ ነጥቦች ሁሉ ታሪካቸው ከዚህ ይጀምራል። ለ24 ሰዓት ሜካፕ አይቀባም።

ክሬምና ክኒን

ኤፍሎርኒቲን ክሬም ፀጉር አያስወግድም፤ ሥሩ ለማደግ የሚፈልገውን ኢንዛይም በማገድ እድገቱን ያዘገያል። በቀን 2 ጊዜ፣ ቢያንስ በ8 ሰዓት ልዩነት ይቀባል፤ ከተቀባ በኋላ 4 ሰዓት ቦታው አይታጠብም። ለውጥ የሚታየው ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ በ4 ወር ምንም ካልታየ ይተዋል። ሲቆም ፀጉሩ በ8 ሳምንት ገደማ ወደነበረበት ይመለሳል። ሁሉም ቦታ አይገኝም፤ ካገኙት ብቻውን ከመጠቀም ይልቅ ከሌዘር ጋር ቢያጣምሩት ውጤቱ ይፈጥናል።

ስፓይሮኖላክቶን የቴስቶስትሮንን ሥራ የሚያግድ ክኒን ነው፤ የተለመደው መጠን በቀን ከ50 እስከ 200 ሚሊ ግራም ነው። ከ6 ወር በፊት አይፈረድበትም። ፖታሲየም ስለሚያስቀር የኩላሊት ችግር ያለባት ወይም ለደም ግፊት ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና መሰል መድኃኒት የምትወስድ ሴት ያለ ደም ምርመራ መውሰድ የለባትም፤ በዚህ ዕድሜ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ብዙ ስለሆኑ ይህ ዋናው መሰናክል ነው። ወር አበባዋ ገና ያልቆመ ሴት ደግሞ ወንድ ፅንስን ስለሚጎዳ መከላከያ ያስፈልጋታል።

ለሙቀት ስሜትና ለሌሎች የማረጥ ምልክቶች የሆርሞን ሕክምና የሚወስዱ ከሆነ ዓይነቱን ይጠይቁ። በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጅን ያንን ቴስቶስትሮን የሚያስር ፕሮቲን ከፍ ያደርገዋል፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ያን ያህል አያደርግም። ቲቦሎንና ኖሬቲስቴሮን ግን የወንዴ ሆርሞን ባሕርይ ስላላቸው ፀጉሩን ሊያባብሱ ይችላሉ። ለፊት ፀጉር ብቻ ተብሎ የሆርሞን ሕክምና አይጀመርም፤ በአፍ የሚወሰደው ደም የማርጋት አደጋ አለውና ሚዛኑን ሐኪም ይይዘዋል።

ሲደባለቅ

አገጭ ላይ ከ15 የማይበልጥ ወፍራም ፀጉር ያላት ሴት፣ ጥቁርም ይሁን ነጭ፣ ሌዘርን ጨርሳ ትለፈው፤ ጥቂት የኤሌክትሮሊሲስ ሰዓታት ይበቋታል። ኤሌክትሮሊሲስ በአቅራቢያ ከሌለ ወረንጦ ወይም መቁረጫ ያኖራታል።

አስቸጋሪው ጥቁርና ነጩ የተቀላቀለበት ፊት ነው፤ በማረጥ ዕድሜ የሚበዛውም እሱ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ገንዘብም ጊዜም ይባክናል። በጅምላ የሚሠራው ሌዘር ይቅደም፣ ጥቁሩን ይጨርስ። በመካከሉ ነጩን በምላጭ ብቻ ይያዙት። ከመጨረሻው ቀጠሮ በኋላ 6 እስከ 8 ሳምንት ይጠብቁ፤ የሚረግፈው ረግፎ በሕይወት የተረፈው ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል። የተረፈውን ሁሉ፣ ነጩንም ቀጭኑንም ጥቁር፣ ለመርፌው ይስጡት። ሁለቱን በአንድ ቦታ በአንድ ሳምንት ማሠራት ግን በአንድ ቁስል ላይ ሌላ መጨመር ነው፤ ጠይም ቆዳ ላይ ውጤቱ እስከ ዓመት የሚቆይ ጥቁረት ነው።